ለፈተና ሲባል የተደበቀ ልቅሶ

የወንድሜ ነገር ከተነሣ ዝም ማለት አልችልበትም። ከተማችን ዓለም ጤና ውስጥ ሽንኩርት የሚጭኑት ሰዎች ሳይቀሩ «እሷ ፊት ወንድሟን አታንሡ፣ ሥራ ታስፈታችኋለች» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጉራ ነው ካላችሁም ጉራ ነው፤ አልክድም። ሌላው ሰው በወንድሙ የሚኮራው ሐኪም ሲሆንለት ወይም ፎቅ ሲያቆም ነው። የእኔ ኩራት ከዚያ ስለሚለይ ማስረዳት ይፈልጋል፤ ለማስረዳት ደግሞ መጀመሪያ እኔ ያጠፋሁትን መናገር አለብኝ። ስለዚህ ከጥፋቴ ልጀምር።

እናታችን የሞተችው ወንድሜ አዳማ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ፣ የሴሚስተሩ ፈተና ሊጀምር አራት ቀን ሲቀረው ነው። እማዬ ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች። ከማሳ ትገዛለች፣ ታስለቅማለች፣ ኢሱዙ ላይ አስጭና ወደ አዲስ አበባ ትልካለች። ደም ግፊት ነበረባት፤ መድኃኒቱን የምታስታውሰው ግን ሲያማት ብቻ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማሳ ዳር ቆማ ጆንያ ስታሰፋ «ራሴን» ብላ ተቀመጠች። እንደተቀመጠች ቀረች።

ገና አስከሬኗ ከቤት ሳይወጣ አንዷ ዘመዳችን «ልጁስ?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የቤቱ ትልቅ ልጅ እኔ ነኝ፤ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ስለማስተምር የትምህርት ነገር ሲመጣ ቃሌ ይሰማል። «ፈተና ላይ ነው፤ እስኪጨርስ አይነገረውም» አልኩ። ማንም አልተቃወመኝም። እኛ ዘንድ ተማሪ ፈተና ላይ ከሆነ መርዶ ይቆየዋል፤ እንዲያውም እንደ ጨካኝ የሚታየው የነገረው ሰው ነው። አባታችን ብቻ አንገቱን እንደደፋ «እናቱ እኮ ናት» አለ። «አባዬ፣ ሴሚስተሩ ሊበላሽበት ነው» አልኩት። አባዬ ከእኔ ጋር መከራከር የተወው አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው።

ወንድሜ እሑድ እሑድ ይደውል ነበር። በመጀመሪያው እሑድ «እማዬን አገናኚኝ» አለኝ። «ጠበል ሄዳለች፤ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም» አልኩት።

«አመማት እንዴ?»

«ራሷን ትንሽ ነው። አንተ ብቻ አጥና።»

በሁለተኛው እሑድ ጭራሽ ደፈርኩ። «ትናንት ሰው ልካ ነበር፤ በርታልኝ ብላሃለች» አልኩት። በሞተች ሴት አፍ ተናገርኩ ማለት ነው። ልጁ ደስ አለው። «ስትመጣ ንገሪያት፣ የትናንቱን ፈተና ደፍኜዋለሁ» አለኝ። ስልኩን ስዘጋ የተሰማኝ ኩራት ነበር። ለወንድሜ ስል ይህን ሁሉ ብቻዬን የተሸከምኩ ጀግና መስዬ ለራሴ ታየሁ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

ፈተናውን ጨርሶ የመጣው በሃያ አራተኛው ቀን ነው። ከመኪና እንደወረደ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ተቀበሉት። እሳቸው የአርሲ ሴት ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፣ ከእማዬ ጋር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨው ተበዳድረዋል። ወደ ቤታቸው አስገቡትና ጭኮ አቀረቡለት። «ኢልመ ኮ» አሉት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «መጀመሪያ ብላ። ቤታችሁ ሰው የለም፣ ብላና ትሄዳለህ።» መርዶ በባዶ ሆድ እንዳይሰማ ነው። ይህንንም ያቀድኩት እኔ ነኝ። እሱ በቅቤ የራሰውን የገብስ ጭኮ እየበላ ስለ ፈተናው ይቀልዳል፤ በግቢያችን በኩል ደግሞ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ማንኪያውን ሲያስቀምጥ ገቡ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ከመካከላቸው አንዳቸውም ሳይናገሩ ገባው።

«መቼ?» ብቻ ነው ያለው። ነገሩት። ትንሽ አሰበና ወደ እኔ ዞሮ «በርታ ብላሃለች ያልሽኝ ቀን ስንተኛ ቀኗ ነበር?» አለኝ። አላለቀሰም። ደረቱን አልመታም፣ መሬት አልወደቀም። ሰዎቹ «ጎሽ፣ ጠንካራ ነው» ተባባሉ። እኔም ጠንካራ ነው አልኩ። አርባዋን አውጥቶ ወደ አዳማ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ የፈተናው ውጤት መጣ፤ ግሩም ነበር። «አየህ አባዬ?» አልኩት አባታችንን። ወይ አለማፈር!

ከዚያ በኋላ ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ስልኩ አይነሣም። ሲነሣም «ኔትወርክ ነው»፣ «ላብ ውስጥ ነበርኩ»፣ «ቻርጅ ጨርሶብኝ ነው» ነው። ለበዓል አይመጣም። በመጨረሻ ያልታወቀ ቁጥር ደወለልኝ፤ የዶርም ጓደኛው ነበር። «እህቱ ነዎት?» አለ በትሕትና። «ይቅርታ፣ በሰው ጉዳይ ገባህ አይበሉኝና ቢመጡ ጥሩ ነው።» በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። በሞጆ አድርጌ አዳማ ገባሁ።

ጓደኛው መናኸሪያ ጠብቆ ከዩኒቨርሲቲ ግቢያቸው ጀርባ ወዳለ አንድ ሰፈር ወሰደኝ። እኩለ ቀን ነው፣ የአዳማ ሙቀት ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። መጋረጃ የተጋረደበት በር ላይ የጫማ መዓት ተደርድሯል። በርጫ የሚቀመጡበት ቤት ነው፤ ተማሪዎቹ ፍራሽ ላይ ተደግፈው ይቅማሉ፣ ወለሉ በገረባ፣ በጫት ቅሪት፣ ተሸፍኗል፣ ዘፈን በቀስታ ይሰማል። ወንድሜን ከመካከላቸው ለመለየት ጊዜ ፈጀብኝ። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ የሸሚዙ አንገት ለሁለት ሰው ይበቃል። ቀና ብሎ አየኝ። እንደምን ዋልሽ የለ፣ ምን አመጣሽ የለ። «ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም።»

«አባዬ ነው?»

«ማንም አልሞተም አልኩህ! ተነሥ፣ መጀመሪያ ምሳ እንብላ፣ ከዚያ እናወራለን።»

ይህን ስል ፊቱ አመድ መሰለ። ተነሥቶ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጠፈና «ሳልበላ ንገሪኝ! እቱ፣ ሳልበላ ንገሪኝ!» ብሎ ጮኸ። ጓደኞቹ ደነገጡ፣ አንዱ ዘፈኑን አጠፋ። ብምል ብገዘት አላመነኝም። የሚያምነኝስ በምን ሒሳብ ነው? ለአባዬ ደወልኩና ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት። አባዬ «ሃሎ፣ ልጄ» ሲል ነው ያመነው። እዚያው ገረባው ላይ ተቀመጠ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያንን ቤት በአንድ እግሩ አቆመው ነበር። ስድብ አያጥረኝም። ያን ቀን ግን አፌ ተያዘ። ምክንያቱም ገባኝ። ጫቱን የሰጠው ጓደኛው ይሁን ሌላ ሰው አላውቅም፤ ወደ ጫቱ ያደረሰው ግን የእኔ እጅ ነው።

በኋላ ራሱ አስረዳኝ። ግቢ ከተመለሰ ጀምሮ ምግብ ፊቱ ሲቀርብ የሽማግሌዎቹ ኮፍያ ይታየዋል። «ብላ እንጂ» የሚለው ሰው ሁሉ ከኋላው መርዶ የደበቀ ይመስለዋል። ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ የሚቅምን ሰው ለምን አልበላህም የሚለው የለም። መጀመሪያ «ለጥናት» ነበር፣ ሁሉም የሚሉት ነው። ከዚያ የጫቱ ምርቃና እንቅልፍ ሲከለክለው እሱን ለመስበር መጠጣት መጣ፤ ጨብሲ ይሉታል። ጠዋት ሲነሣ ድብርት፣ ለድብርቱ እንደገና ጫት። «በርጫው ላይ እኮ ብዙዎቻችን እንደዚሁ ነን» አለኝ። «አንዱ ቤቱ የተቃጠለበት ነው፣ አንዱ ወንድሙን መኪና ሲገጨው ቆሞ ያየ ነው። ማንም ስለዚያ አያወራም። እንቅማለን።»

ግቢያቸው ውስጥ የምክር አገልግሎት የሚል ወረቀት የተለጠፈባት ጠባብ ክፍል አለች። እጁን ይዤ ወሰድኩት። የምታማክረው ልጅ ገና ልጅ ናት፤ ካስተማርኳቸው አንዷ ብትሆን አይገርመኝም ነበርና እምነት አልጣልኩባትም። «ይህን ጫት አስተዪልኝ» አልኳት። እሷ ግን የሆነውን ከእሱ ከሰማች በኋላ ወደ እኔ ዞራ «እናታችሁ እንዴት እንዳረፉ ለእሱ ነግረሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አልነገርኩትም ነበር። ማን አጠባት፣ ማን ገነዛት፣ የት ተቀበረች፣ ምን ለብሳ ነበር፣ አንዱንም አልነገርኩትም። እሱ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ሁላችንም «ተው፣ አታስታውሰው» እያልን እንዘጋው ነበር። «ለምን እንደጀመረው ሳንነካ ተው ብንለው ድካም ነው» አለች። ልጅነቷን ይቅር አልኳት።

ለዚያ ዓመት ትምህርቱን አቋርጦ ቤት ገባ። እኔ ግን ምን ብታደርጉኝ አልማርም። ለሰፈሩ «ታይፎይድ ነው» ብዬ አስወራሁ። ጠያቂ ብርቱካን ተሸክሞ ይጎርፋል። አንድ ቀን ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ አንዷ «ይሄ የግቢ ውኃ እኮ ነው፣ ታይፎይድ በየዓመቱ…» ብላ ስትጀምር ወንድሜ ከአልጋው ቀና አለ። «ታይፎይድ አይደለም» አለ። «ጫትና መጠጥ ነው። እማዬ ከሞተች ጀምሮ ነው። ለመተው እየሞከርኩ ነው።» እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴትየዋ ብርቱካኗን እንደያዘች ትንሽ አሰበችና «እሱም ቢሆን ብርቱካን ይወዳል» ብላ ልጣጩን መላጥ ጀመረች። ሰው ሲስቅ እሱም ሳቀ። በወንድሜ መጀመሪያ የኮራሁት ያን ቀን ነው፤ የኮራሁት ግን ማታውን ሙሉ ከተቆጣሁት በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት «እቱ፣ እኔ እኮ እማዬን አላለቀስኳትም» አለኝ። «ስትቀበር አዳማ ሆኜ እስቅ ነበር።» ተነሥቼ ወደ እድራችን ዳኛ ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ፣ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ፣ ደንብ ከሚሻር ጣታቸው ቢቆረጥ የሚመርጡ ሰው ናቸው።

«ድንኳኑን ለእሑድ ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«ማን ሞተ?»

«እናቴ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «እናትሽን ቀብረናል፤ ለቅሶዋንም ደርሰናል። ለአንድ ሰው ድንኳን ሁለቴ አይወጣም፣ ልጄ። ደንቡ ነው።»

«ልጇ ግን አልደረሰም። የከለከልኩት እኔ ነኝ። ደንቡ ውስጥ ልጅ ሳይሰማ ይቀበር የሚል አለ?»

ስለ ጫቱም፣ ስለ መጠጡም፣ ስለ ጭኮውም ነገርኳቸው። እንባዬ ሲመጣ ንዴት አስመስዬ ጮኽኩባቸው። መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ከዚያ «ያን ጊዜ ሽማግሌ ሆነው ከገቡት አንዱ እኔ ነበርኩ» አሉ። «ማንኪያውን ሲያስቀምጥ አይቼዋለሁ። እሑድ ጠዋት አግዳሚ ወንበሩንም አስይዤ እልካለሁ።»

ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ሞልተው መጡ። አንዳንዱ ግራ ገብቶት፣ አንዳንዱ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ሊያይ። ጎረቤታችን ከሁሉ ቀድመው ገቡና እግሩ ሥር ተቀመጡ። «ኢልመ ኮ፣ እያወቅሁ አበላሁህ፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ማክሰኞ ጠዋት የወጣችበትን ሰዓት፣ ማሳው ዳር የተቀመጠችበትን፣ ያጠቧትን ሴቶች፣ የለበሰችውን። ሴቶቹ የረሳሁትን እየሞሉልኝ ነበር። አንዷ «ቀብሯ ላይ ስምህን እየጠራን ነው ያለቀስነው፤ ልጅሽ ሳያይሽ እያልን» ስትል ወንድሜ ተሰበረ። እንደዚያ ሲለቀስ አይቼ አላውቅም። አባዬ አቅፎት አብሮ አለቀሰ፤ የእድሩ ዳኛ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩ። ጎረቤታችን በትልቅ ሳህን ንፍሮ ይዘው ዞሩ፤ ወንድሜ ዘግኖ በላ።

በአንድ ልቅሶ ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ውሸት ጠግቤያለሁ። በሦስተኛው ወር ሻሸመኔ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ሄዶ ሦስት ቀን ጠፋ። በአራተኛው ቀን ደወለ። «ቅሜያለሁ፣ ጠጥቻለሁም። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው» አለኝ። ሌላም ጊዜ እንዲሁ ሆነ፤ ያኔም ራሱ ደወለ። ወንድማቸው ስለማይቅም ብቻ የሚኮሩ አሉ፤ እኔ ቅሜያለሁ ብሎ በደወለ ወንድሜ ኮርቻለሁ። ቀስ በቀስ መቃሙ ሲቀር ያ ስልክ መደወሉን ተወ። ትምህርቱን ቀጠለ፤ ያችን የምክር ክፍል ለሌሎቹ የበርጫ ጓደኞቹ ያሳያቸው እሱ ነው፤ ሁለቱ እሺ ብለው ሄደዋል።

አባዬ ስኳር ነበረበት፤ ኋላ ኩላሊቱንም ነካው። ሁላችንም መንገዱ ወዴት እንደሆነ እናውቅ ነበር። ወንድሜ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ አስማለኝ፦ «አባዬ የሆነ ነገር ቢሆን፣ ፈተና ላይ ብሆንም፣ በዚያችው ደቂቃ ትነግሪኛለሽ።» ማልኩ። መማል ቀላል ነው።

አባዬ ያረፈው በመመረቂያው ፈተና ሳምንት ነው። ሁለቱን ተፈትኖ ሁለት ይቀረዋል። ቤቱ በሰው ሲሞላ ያው ጥያቄ ተነሣ፣ ያው መልስ ተሰጠ። «አራት ቀን ነው የቀረው። አምስት ዓመት የለፋበት ነው» አሉ። ያችው ዘመዳችን ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «ደግሞ ያ አመሉ ቢነሣበትስ?» አለችኝ። እኔንም የያዘኝ ይኸው ፍርሃት ነበር፤ ቃሌ ወይም ፈተናው አልነበረም። ብነግረው ወደ ጠርሙሱ ይመለስ ይሆን? እጄ ላይ ያለው የአንድ ልጅ ሕይወት ነው፤ አንድ ጊዜ ተሳስቼበታለሁ፤ ሁለተኛ ብሳሳት የምድንበት አይደለም። ወደ ጓሮ ወጣሁ። ደወልኩ።

«እቱ?»

«አባዬ አረፈ። አሁን ነው። ገና ገላው አልቀዘቀዘም።»

«ጠብቁኝ» አለ።

ጠበቅነው። ከአዳማ በሞጆ አድርጎ ሲገባ ሰው ሁሉ ዓይኑን ነበር የሚያየው፤ ቀልቷል ወይ፣ ይወላገዳል ወይ እያለ። የቀላው በእንባ ነበር። አባዬን ራሱ ቆሞ አስገነዘው፤ ሬሳ ሳጥኑን ከፊት በኩል እስከ ቤተ ክርስቲያን ተሸከመ፤ መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ሠልስቱ ሲወጣ ቦርሳውን አነሣ፤ በማግስቱ ፈተና ነበረው።

እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘሁት። ጥያቄውን ሦስት ቀን ሙሉ ይዤው ነበር።

«ትቅማለህ?» አልኩት።

አልተቆጣም። «ሊያምረኝ ይችላል» አለ። «ካማረኝ እደውልልሻለሁ። ግን እቱ፣ አባዬን እኮ እኔ ነኝ የቀበርኩት።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ወጣ። የቀሩትን ሁለቱን ፈተናዎች ተፈተነ፣ ያ ስልክ አልተደወለም፣ በዓመቱ መጨረሻም ጋውኑን ለብሶ ተመረቀ። ስንት እንዳመጣ ግን አትጠይቁኝ። እኔም እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።